የማይስት ተጋጣሚ

የጋሽ መንግሥቴ ኮት እጅጌው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነበር።

ማህደር ይህን ያየችው ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሊያደርጉ በሩ አጠገብ ጎንበስ ሲሉ ነው። ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆመው እሷን ለዘካሪያስ ሲለምኑ፣ ወንድሟ ተክለ ጻድቅ «ኧረ ቁጭ በሉ» ሲላቸው፣ እነሱም «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ሲሉ፣ ከኩሽናው በር ጀርባ ሆና ስታያቸው ቆይታለች። ግን ያኔ ያየችው ፊታቸውን ነው። እጅጌ ማን ያያል? «እህቴ ፈቃደኛ አይደለችም፤ እኔም አልፈቅድም» ተብሎ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ዓይኗ እዚያች ቦታ ላይ ያረፈው።

ደቃቅ ዱቄት ነው። ያንን ቀለም ታውቀዋለች። ሐሙስ ዕለት አውራ ጣቷ ላይ ነበር፤ የልጇ የሥዕል ቀለም መስሏት በሳሙና ፈትጋ አጥባዋለች።

«ጋሽ መንግሥቴ» አለች ከኩሽናው ወጥታ። እንደዚህ ባለ ሰዓት የምትለመነው ሴት ብቅ እንደማትል እያወቀች ነው የወጣችው። «እጅጌዎ ላይ ምንድነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ውይ! ጠመኔ ነው ልጄ፣ የፑል። የዱላው ጫፍ ኳሷ ላይ እንዳይንሸራተት የሚቀባ ነው። ያለኝ ኮት ይሄው አንድ ነው፤ እሱንም አበላሸሁት።»

«እርስዎ ፑል ይጫወታሉ?»

«ምን እጫወታለሁ! ከታመምኩ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዘካሪያስ ነው ቤቱ እየወሰደ የሚያለማምደኝ። ኳስ እንኳ ገና አላስነካኝም እኮ። ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ያጋድምና፣ የዱላውን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገባ፣ አውጣ ይለኛል፤ ጠርዙን ሳልነካ። ክንድ ቀጥ ብሎ መሄድ የሚለምደው እንደዚያ ነው አለኝ። እኔማ ጠርሙሱን ቃ፣ ቃ፣ ቃ ሳደርገው ነው የምውለው። ጎረቤቱ ሰካራም መጣ ሳይለኝ አይቀርም።» ሳቁ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው አልሳቁም።

«ዘካሪያስስ? እሱም በጠርሙስ ይለማመዳል?»

«ሥራ ሊገባ ሲል፣ ከሥራ ሲወጣ፣ ሁልጊዜ ነዋ! ከሕንፃው ሪሳይክል ቢን፣ ከጠርሙስ መጣያው፣ እየለቀመ ያመጣዋል። እሱ ራሱ እኮ ቢራ እንኳ አፉ አይገባም።» ይህን ብለው ፊቷን ሲያዩት ሳቃቸው ጠፋ። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ተክለ ጻድቅ በሩን ከፈተላቸው። «ዝናብ ነው ጋሽ መንግሥቴ፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ» አለ፤ በአክብሮት፣ ግን ሁሉን በሚዘጋ ድምፅ።

ማህደር እዚያው ቆማ ቀረች። ሽማግሌው በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የመኪናውን በር ለመክፈት ሲታገሉ በመስኮት አየቻቸው።

*

ዘካሪያስን ያገኘችው ባስ ውስጥ ነው። እሱ ሹፌር፣ እሷ ተሳፋሪ። ከምትኖርበት ከማውንትሌክ ቴራስ ተነስታ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከኋላው ተቀምጣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ያወቀችው ዓይኑን ነው፤ በመስተዋቱ ውስጥ። እሷ ቀና ስትል እሱ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ እሱ ቀና ሲል እሷ ስልኳን ታያለች። አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ሄዱ። አንድ ቀን ስትወርድ «ነገም ትመጫለሽ አይደል?» አላት በአማርኛ። ነገ ቅዳሜ ነበር፤ ሥራ የላትም። ግን ሄደች። ባስ ውስጥ ገብታ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደርሳ ተመለሰች።

ማህደር ግን በቀላሉ የምታምን ሴት አይደለችም። የቀድሞ ባሏ ዘመድኩን ጠጪ ነበር፤ ማስቲካ እያኘከ የሚጠጣ፣ «ምን ጠጣሁ? አሽቺኝ እስቲ!» እያለ ትንፋሹን ፊቷ ላይ የሚነፋ። የማስቲካው የናና ሽታ ከሥሩ ሌላ ሽታ እንዳለው ያወቀችው ከእሱ ነው። አንድ ምሽት ኢቱ የሚሏትን ልጃቸውን ኢትዮጵያን ከኋላ አስቀምጦ፣ ጠጥቶ ሲነዳ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ልጅቷ ተረፈች። ቅንድቧ ላይ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ማህደር ጸጉሯን በሠራችላት ቁጥር ታየዋለች። ያን ሰሞን ወንድሟ መጥቶ እሷንም ልጇንም ጭኖ ቤልቪው ወሰዳቸው። መሐንዲስ ነው፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። እስክትቋቋምም ድረስ እሱ ቤት ኖረች። ለዚህ ነው ዘካሪያስ «በወንድምሽ በር በክብር ነው የምገባው፤ ሽማግሌ እልካለሁ» ሲላት እጅግ ደስ ያላት።

ተክለ ጻድቅ የሰማው ቀን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ትርፍ ሰዓቱን የት ነው የሚያሳልፈው?»

«ሌክ ሲቲ ያለ ፑል ቤት። ይለማመዳል። ሊግ ውስጥ ይጫወታል።»

ወንድሟ ባደገበት ሰፈር ፑል ቤት የዱርዬ መዋያ ነው። እዚያ የገባን ልጅ አባቱ በቀበቶ ነበር የሚያወጣው።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ማህደር ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ፣ የሠራችውን ምሳ በዕቃ ይዛ፣ ሳትደውል ወደ ዘካሪያስ አፓርታማ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልብሱን ሊያጥብ ምድር ቤት ወርዷል። ገባች። ጠረጴዛው ላይ፣ የታጠፈ ፎጣ ላይ፣ አንድ የውስኪ ጠርሙስ ተጋድሟል። ግድግዳው ሥር ሌሎች ሁለት ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን በአፉ በኩል ይዛ አነሳችው። ባዶ ነው።

ያኔ ጠርሙሱን አሽታው ቢሆን ኖሮ አቧራ ብቻ ነበር የሚሸታት። እሷ ግን ያሸተተችው ሰውየውን ነው። ዘካሪያስ የልብስ ቅርጫት ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣ ቀድማ ተቀበለችው፤ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠግታ በረጅሙ ሳበች።

ናና።

ምግቡን ቅርጫቱ ላይ አስቀመጠችለትና «ልጄን ላምጣ» ብላ ወረደች። ማታውን ቴክስት አደረገላት። «ፊትሽ ልክ አልነበረም። ምን አጠፋሁ?» ዓርብም ደግሞ ጻፈላት። «ማሂ፣ ንገሪኝ ብቻ።» አልመለሰችለትም። ቅዳሜ ማታ ለወንድሟ «እምቢ በልልኝ፤ ይጠጣል» አለችው። ከልቧ አምና ነው የተናገረችው። ሰው ሁልጊዜ የሚፈራው ነገር ሲደርስበት የሚሰማው ያ ቀዝቃዛ እፎይታ ተሰምቷት ነበር።

አሁን ያንን እፎይታ ስታስታውሰው ራሷን ተጸየፈችው።

*

«ሂጂ ወደ እሱ» አለቻት የወንድሟ ሚስት ኖላዊት፣ ኩሽና ውስጥ የማህደርን የመኪና ቁልፍ እጇ ላይ እያስቀመጠችላት። «ኢቱን ቤታችሁ እኔ አደርሳታለሁ። እስክትመለሺ አብሬያት እሆናለሁ።»

«ምን ብዬ ነው የምገባው?»

«ያደረግሽውን ነዋ። ምን ሌላ አለ?»

ሲጨንቀው የሚገኘው ፑል ቤት እንደሆነ ታውቃለች፤ ወደዚያው ነዳች። መንገዱን ሁሉ ዝናቡ አልተወም። ሐይቁን የሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ስትደርስ ጨልሟል፤ ገና አመሻሽ ነው። ማህደር እየነዳች ያሰበችው ክፉ ክፉውን ነበር። የለም ይሉኛል። ወይም አለ፤ ግን አይቶኝ በጓሮ ይወጣል። ወይም ደግሞ፣ ከሁሉ የሚከፋው፣ ፈገግ ብሎ «ምንም አይደለም» ይለኛል።

ፑል ቤቱ እንደ ፈራችው ዓይነት ቦታ አልነበረም። ምንጣፉ ያረጀ፣ ጸጥ ያለ፣ ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ በላይ መብራት የተንጠለጠለበት ሰፊ ክፍል ነው። እሑድ ስለሆነ ሁለት አዛውንት ፈረንጆች ብቻ ጥግ ላይ ይጫወታሉ። ዘካሪያስ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ነው። ለሽምግልናው ቀን የገዛውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ሆኖ ነው መልስ የሚጠብቀው፤ እሱ ግን ቤቱ መቀመጥ አቅቶት እዚህ መጥቷል።

ኳሶቹን አንድ በአንድ ያስገባል። ይመታል፤ ነጯ ኳስ ሌላዋን ነክታ እዚያው ባለችበት ቀጥ ትላለች። ይዞራል፤ ጎንበስ ይላል፤ ይመታል። ሁለት ኳስ ብቻ ሲቀረው ቀና አለና አያት። ተመልሶ ጎነበሰ። መታ። ኳሷ የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ተመለሰች።

«አሸነፈኝ» አለ።

«ማን?»

«የሌለው ሰውዬ።» ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። «ጎስት ይሉታል፤ እንደ ሙት መንፈስ። ብቻህን ስትለማመድ ከእሱ ጋር ነው የምትጫወተው። አንድ ኳስ ከሳትክ ጨዋታው የእሱ ነው። እሱ መቼም አይስትም፤ ስለሌለ።»

ማህደር ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች። ከጫፉ ውሃ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። «ዘክ፣ ጠርሙሱን አይቼ ነው። ሐሙስ። ጠረጴዛህ ላይ…»

«ስለ ጠርሙሱ ሲያወሩ ፊትሽ እንደተለወጠ ጋሽ መንግሥቴ ደውለው ነግረውኛል። ምስኪን፣ ጥፋቱ የእሳቸው መስሏቸው አለቀሱ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የምትጠጣ መሰለኝ። ለጋሼ፣ ለወንድሜም፣ እንደዚያ አልኩት። ሁሉንም እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ናና ሸተተኝ። እሱ… ዘመድኩን ሁልጊዜ ማስቲካ…»

«ሻይ ነበር ማሂ። የናና ሻይ። አንቺው ነሽ የገዛሽልኝ፣ ለጉሮሮህ ብለሽ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ረስታው ነበር።

ዘካሪያስ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህባት ትመርጥ ነበር። «ጠርሙሱ አይደለም የጎዳኝ» አላት። «ጠርሙስ ማንም ቢያይ ይጠረጥራል። ሐሙስ ደረጃው ላይ ፊትሽን ወደ ፊቴ ስታስጠጊው ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ዓይኔን ጨፈንኩ። ልትስሚኝ መስሎኝ። ቅርጫቱን ታቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩልሽ። ስገልጠው ደረጃውን እየወረድሽ ነበር።»

ከጥጉ አንዱ አዛውንት ኳስ መታ፤ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ጮኸ። ማህደር ልትነካው እጇን ዘረጋች። እሱ አልሸሸም፤ ግን እጁን አልሰጣትም።

«ለምንድነው ያልጠየቅሽኝ?»

«ስጠይቀው የነበረው ሰው ሁልጊዜ መልስ ነበረው» አለች። «ጠይቄ እሺ እንዳልል ብዬ… ደግሞ እንዳላምን ብዬ…»

«እሺ፤ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» ጠረጴዛውን ተደግፎ ፊት ለፊቷ ቆመ። «ተጋባን እንበል። አንድ ቀን ባሱ ተበላሽቶ አመሸሁ። ስልኬም ጠፍቷል። መጣሁ፣ በሩን ከፈትሽልኝ። ከሁሉ ነገር በፊት ምን ታደርጊያለሽ?»

ማህደር ልትዋሽ ፈለገች። መልሱ ቀላል ነው፤ «አቅፍሃለሁ» ማለት ብቻ ነው። ግን በሩን አየችው፣ ራሷን በሩ ላይ አየች፣ ከኋላዋ ልጇ ቆማለች፣ ያ ጠባሳ ቅንድቧ ላይ አለ።

«አሸትሃለሁ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ ግን አልወረደም። «ስላልዋሸሽኝ አመሰግናለሁ።»

«ዘክ…»

«ይሄ ጎስት አንቺም ቤት አለ። ባልሽ የለም፤ ተለያይታችኋል፤ ግን ከእሱ ጋር ነው የምጫወተው። አንዴ ከሳትኩ ጨዋታው የእሱ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ ማሂ። አመሻለሁ። እረሳለሁ። በሽታ ይይዘኛል፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ዓይኔ ይቀላል። እድሜ ልኬን ሳልስት አልኖርም።»

«እለማመዳለሁ!» አለች። ድምፏ ጥግ ያሉት እስኪዞሩ ድረስ ወጣ። «አንተ ክንድህን ቀጥ ለማድረግ ስንት ዓመት ለፋህ? እኔም እለማመዳለሁ። አለመፍራት እለማመዳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ እስታለሁ፤ ማን ነው የማይስተው? ትስታለህ፣ ትደግማለህ፣ ትስታለህ፣ ትደግማለህ አላልከኝም?»

ዘካሪያስ ያቺን የሳታትን ኳስ አንስቶ በመዳፉ ውስጥ አዞራት።

«ኳስ ላይ ነው እሱ» አላት። «ኳስ ሲስቱት አያመውም። አንቺ የምትለማመጂው እኔ ላይ ነው።»

ከባስ መስተዋቱ ጀምሮ የምታውቀውን ያንን ዓይን አየችው። እንደሚወዳት አየች። ግን አይጠቅማትም።

«ጋሼን እነግረዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሽማግሌ እስከ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ደግመህ ላክ። እሺ ይላል፤ አስገድደዋለሁ።»

«ጋሽ መንግሥቴ ነገም ሂዱ ብላቸው ይሄዳሉ። እምቢ ያለኝ ግን ወንድምሽ አይደለም። እሱማ ፑል ቤት የሚውል ሰው አልወድም ቢለኝ ለምኜ፣ አስለምኜ እመልሰው ነበር።» ኳሷን ጠረጴዛው ላይ መለሳት። «ቤትሽ ግቢ ማሂ። ኢቱ ትጠብቅሻለች። ዝናብ ነው፤ ቀስ ብለሽ ንጂ።»

ወንድሟ ሽማግሌዎቹን የሸኘበት ቃል ነው። ዘካሪያስ ያንን አያውቅም፤ እንዲሁ ስለሚያስብላት ነው ያላት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን እስክትዘጋ ድረስ እንባዋን ቻለች። ከዚያ በኋላ አልቻለችም።

*

ቤቷ ስትደርስ ኖላዊት ምንም አልጠየቀቻትም። ፊቷን አይታ አቀፈቻትና ጃኬቷን ለበሰች። «ኢቱ በልታለች» አለች በሹክሹክታ። «ደውዪልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት።»

ማህደር ግን መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሟ ነው።

«ጋሼ፣ ያልኩህ ነገር ልክ አልነበረም። አይጠጣም። ጠርሙሱ የልምምድ ነው። ለጋሽ መንግሥቴ ደውልና ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

«ማህደር፣ ጠጣም አልጠጣም፣ ፑል ቤት የሚውል ሰው…»

«የሚውለው ባስ ላይ ነው ጋሼ። አንተ የማትወድበት የራስህ ምክንያት ካለህ እሱ ሌላ ነው። እምቢ ያልካቸው ግን በእኔ ቃል ነው፤ ቃሌ ደግሞ ሐሰት ነበር። የሰው ስም ነው የጠፋው። ሦስት ሰው ፊት።»

ተክለ ጻድቅ በረጅሙ ተነፈሰ። በልጅነታቸው አባታቸው ሲቆጡ አብረው አልጋ ሥር ይደበቁ በነበረበት ጊዜ በነበረው ድምፅ ነው የመለሰላት። «እሺ እህቴ። አሁን እደውላለሁ። ታዲያ… ተመልሰው ይምጡ ልበላቸው?»

«አይ» አለች። «አይመጡም።»

ይህን ስትል ነው እውነት የሆነው። እስከዚያ ድረስ የሆነ ቦታ ላይ የሚስተካከል ነገር ይመስላት ነበር።

ስልኩን ስትዘጋ ኢቱ በፒጃማዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እሑድ እሑድ ዘካሪያስ እራት አብሯቸው ይበላል፤ ሳህን የምታቀርበው እሷ ናት።

«ማሚ፣ ኢዝ ዘክ ካሚንግ?»

«አይመጣም የኔ ቆንጆ።»

«ሂ ዲድ ሰምቲንግ ባድ?»

ማህደር ተንበረከከችና እጆቿን ያዘች። ልጅቷ እናቷ ያለቀሰችበትን ዓይን እያየች፣ ቀድማ ትከሻዋን ሰብስባለች፤ ክፉ ወሬ ለመስማት የሚዘጋጅ ሰው እንደሚያደርገው። ይህን ከማን እንደተማረች ማህደር አወቀች።

«እሱ ምንም አላጠፋም። ሰማሽኝ? ምንም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳልጠይቀው ክፉ ጠረጠርኩት።»

«ሶ፣ ሴይ ሶሪ።»

«ብያለሁ።»

«ኤንድ ሂስ ስቲል ናት ካሚንግ? አሁንም አይመጣም?»

«አዎ።»

ኢቱ አሰበችበት። የምትከራከር መሰለች፤ ግን ተወችው። «ኦኬ» አለች በትንሽ ድምፅ። ጥርሷን ልትቦርሽ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ያቀረበችውን ሦስተኛ ሳህን ስታልፍ አንስታ ወደ ቁምሳጥኑ መለሰችው።

ማህደር ብቻዋን በሩ አጠገብ ቀረች። ታች ፓርኪንጉ ውስጥ አንድ መኪና ገባ። መብራቱ በመጋረጃው ላይ አለፈና ጠፋ። በር ተዘጋ። ደረጃው ላይ የሰው እግር ተሰማ፤ ከባድ፣ የደከመ፣ ወደ ላይ የሚመጣ። ትንፋሿን ያዘች። እግሩ በበሯ ፊት ደረሰ፤ አልቆመም። ከጎረቤት በር ላይ ቁልፍ ተንኳኳ፣ አንድ ሕፃን በደስታ ጮኸ፣ ከዚያ ተዘጋ።

ዘመድኩን በነበረበት ዘመን በር የምትቆልፈው በሩጫ ነበር፤ ሳይደርስ ለመቅደም። ዛሬ ከውጭ ሊመጣባት የሚችል አንድም ክፉ ሰው የለም። መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃው ሲዘጋ፣ ልጇ «ማሚ፣ አም ዳን፤ ጨረስኩ» ስትል ሰማች።

«መጣሁ» አለች።

ቁልፉን ቀስ ብላ አዞረችው፤ ገብቶ እስኪይዝ ድረስ።